መግቢያው ሌላ፣ መኖሪያው ሌላ፦ የጀርመን የሥነ ጽሑፍ ዶክትሬት

ሥነ ጽሑፍን እስከ ዶክትሬት ለማጥናት ጀርመንን የሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ደጋግሞ ይሰማል፤ ትምህርቱ በነፃ ነው፣ አማካሪ ካገኘህ ደግሞ ገባህ ማለት ነው። ሁለቱም ከሞላ ጎደል እውነት ናቸው፤ ተጣምረው ሲነገሩ ግን ያሳስታሉ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን መቀበሉ አንድ ጉዳይ ነው፤ ተማሪው ለሦስትና ለአራት ዓመት በምን እንደሚኖር ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን የሚወስኑትም ብዙውን ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አመልካቹ የገንዘቡን ምንጭ ርዕሱን በሚመርጥበት ጥንቃቄ ሊመርጠው ይገባል። ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ጥናቱ የሚሠራበትን ጊዜና ቋንቋ፣ አንዳንዴም የጥናቱን ጥያቄ ራሱን ይወስናልና።

የሁለቱን መለያየት ለመረዳት ከአሜሪካው አሠራር ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። አሜሪካኖች የምርምር ዶክትሬትን የወሰዱት ከጀርመን ነው፤ ዬል ዩኒቨርሲቲ በአገሩ የመጀመሪያ የሆኑትን የፒኤችዲ ዲግሪዎች የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው። በኋላ ግን መንገዳቸው ተለያየ። ዛሬ አንድ ጥሩ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሲቀበል ከትምህርት ክፍያ ነፃ መሆኑን፣ ለአምስት ዓመት ገደማ የሚከፈለውን የኑሮ አበል፣ የጤና መድኅኑንና የማስተማር ግዴታውን በአንድ ደብዳቤ ጽፎ ይልክለታል። የገባ ሰው የሚኖርበትንም አብሮ አገኘ ማለት ነው። ጉዳቱ ገንዘቡ ሲጠፋ በሩም አብሮ መዘጋቱ ነው። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ከድኅረ ምረቃ ተማሪ ሠራተኞቹ ረጅም አድማና ከአዲሱ የደመወዝ ስምምነት በኋላ፣ እንግሊዝኛን ጨምሮ በ12 የሰብዓዊና የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፎች ለቀጣዩ ዓመት አዲስ የዶክትሬት ተማሪ እንደማይቀበል አስታውቋል። በጀርመን እንዲህ ያለ ድንገተኛ መዘጋት እምብዛም አያጋጥምም። እዚያ በሩ ክፍት እንደሆነ ይቆይና የገባው ሰው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

የጀርመኑ መግቢያ ሲታይ ቀላል ነው። አመልካቹ በመስኩ የሚሠራ ፕሮፌሰር ይፈልጋል፣ ፕሮፖዛሉን ይልካል፣ ፕሮፌሰሩ ለማማከር ከተስማማ ፋኩልቲው የማስተርስ ዲግሪውን መርምሮ በዶክትሬት ተማሪነት ይመዘግበዋል። የመግቢያ ፈተና የለም ማለት ይቻላል፤ ፈተናው ፕሮፖዛሉ ነው። ለምሳሌ «የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለዶች ጭብጥ» የሚል ርዕስ ይዞ የቀረበ ሰው ትሁት የእምቢታ መልስ ይጠብቀው። ያው ሰው «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ መተረኩ ልቦለዱ የሚነበብበትን መንገድ እንዴት ለወጠው ብሎ ቢጠይቅ ነገሩ ሌላ ነው። አሁን ጥያቄ አለው፤ ቀጥሎ ቅጂዎቹ የት እንዳሉ፣ የትረካ ጥናት ከድምፅ ጥናት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ በየትኛው ዓመት ምን ተሠርቶ እንደሚያልቅ በጥቂት ገጾች ማሳየት ይጠበቅበታል። ይኸው ፕሮፖዛል ነው ኋላ ገንዘብ ሰጪው ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው፤ ስለዚህ በሁለት ዓይን እንደሚነበብ ታውቆ መጻፍ አለበት።

ገንዘቡ በዋናነት በሦስት መንገድ ይመጣል። አንደኛው የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ተማሪው በመንግሥት የደመወዝ ስኬል ይቀጠራል፤ በሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ግማሽ ወይም ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ የሥራ መደብ ነው። የጡረታና የሥራ አጥነት መድኅን ያስገኝለታል፤ በልዋጩ ያስተምራል፣ ለፕሮፌሰሩ ይሠራል፣ ጥናቱን በተረፈው ሰዓት ይጽፋል። ሁለተኛው ስኮላርሺፕ ነው፦ ለውጭ አገር ዜጎች በዋናነት የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት (ዳአድ)፣ ከዚያም እንደ ፍሪድሪሽ ኤበርትና ኮንራድ አደናወር ያሉ ለፓርቲዎች ቅርበት ያላቸው ፋውንዴሽኖች ይሰጣሉ። ስኮላርሺፕ ጊዜን ነፃ ያደርጋል፤ ነገር ግን ደመወዝ ስላልሆነ ጡረታ አይቆጠርበትም። የየራሱ ቅድመ ሁኔታም አለው። ዳአድ በማመልከቻው ወቅት ጀርመን ውስጥ ከ15 ወር በላይ የቆየን ሰው በአብዛኛው አይቀበልም፤ ፋውንዴሽኖቹ ደግሞ ከውጤት በተጨማሪ ማኅበራዊ ተሳትፎን፣ ብዙ ጊዜም የጀርመንኛ ችሎታን ይጠይቃሉ። ሦስተኛው የተደራጀ የዶክትሬት ፕሮግራም ነው። ተማሪዎች በአንድ የጋራ ጭብጥ ሥር ተሰባስበው ሴሚናር እየተካፈሉ ያጠናሉ፣ ከአንድ በላይ አማካሪም ይኖራቸዋል። ከሦስቱ ለአሜሪካው አሠራር የሚቀርበው ይህ ነው። ዋጋው ርዕስን ወደ ቡድኑ ጭብጥ ማስጠጋት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ክርክር አለ። እንዲህ ከሆነ የተደራጀው ፕሮግራም ይሻላል፣ ሌላውን ለምን መቁጠር ያስፈልጋል ይባላል። መልሱ የፕሮግራሞቹ ዕድሜ ነው። በበርሊን የፍሪድሪሽ ሽሌግል የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ቤትም ሆነ በባይሮይት የአፍሪካ ጥናት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የተቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ2007 በጸደቀ የፌዴራልና የክልል መንግሥታት የገንዘብ ድጋፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረው ተተኪ ዕቅድ ለእንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ራሱን የቻለ በጀት አልያዘም። ፕሮግራም መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም አመልካቹ በጀቱ መቼ እንደሚያልቅ ሳይጠይቅ መፈረም የለበትም።

ሌላው ክርክር የወዳጆች ምክር መስሎ የሚመጣው ነው፦ ክፍያ ከሌለ እየሠራህ በራስህ ተማር ይባላል። ይህ ለጀርመን ዜጋ ሊሠራ ይችላል። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ግን ገና ቪዛው ላይ ይሰናከላል፤ ስኮላርሺፕ ወይም የሥራ ውል የሌለው አመልካች ለአንድ ዓመት ኑሮ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ በብሎክድ አካውንት (በየወሩ የተወሰነ መጠን ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሂሳብ) አስቀምጦ ማሳየት ይኖርበታል። ይህን ያህል የውጭ ምንዛሪ ከኢትዮጵያ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። ገብቶም ቢሆን የመጀመሪያ ዓመቱን በምግብ ቤትና በመጋዘን ሥራ የሚያሳልፍ ሰው በቤተ መጻሕፍት የሚቀመጠው የደከመ አእምሮ ይዞ ነው። ተቀባይነቱን ይዞ ተጣድፎ መብረር የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ዓይነት ነገር ይሆናል።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ ለማጥናት ለምን ጀርመን ይኬዳል የሚለው ነው። አንባቢውም ደራሲውም ማኅደሩም እዚህ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዘርፉ ዶክትሬት ይሰጣል። ጥያቄው ትክክል ነው፣ ለብዙ ርዕስም የመጨረሻው መልስ እዚሁ መማር ነው። ይሁንና አምስት ቅጹ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 የወጣው «ኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮፒካ» የተዘጋጀበት የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝን ድርሳናትና የእጅ ጽሑፎችን ለሚመረምር ሰው አገር ውስጥ በቀላሉ የማያገኘው ዕውቀት አለው። ሁለቱን ማስታረቅም ይቻላል፤ ዳአድ በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ለሚማሩም ሆነ ጊዜያቸውን በሁለቱ አገሮች ለሚከፍሉ ዶክትሬት ተማሪዎች ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። ቦታውን መወሰን ያለበት ጥናቱ የሚጠይቀው ማስረጃ ያለበት ስፍራ ነው።

ከዶክትሬቱ በኋላ ሥራ ከሌለ ይህ ሁሉ ስሌት ምን ይረባል የሚልም አለ። ስጋቱ መሠረት አለው። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የጊዜያዊ ቅጥርን የሚገዛው ሕግ በመደበኛው ከዶክትሬት በፊት ስድስት ዓመት፣ ከዚያ በኋላም ስድስት ዓመት ብቻ ይፈቅዳል። የትምህርት ሚኒስቴሩ ሐና በምትባል ምናባዊ ተመራማሪ ሕጉን ያስረዳበት አጭር ፊልም እ.ኤ.አ. በ2021 ሺዎችን «እኔም ሐና ነኝ» አሰኝቶ ለተቃውሞ አስነስቷል። ግን ይህ ገንዘቡን አስቀድሞ የማሰብን አስፈላጊነት ያጠነክራል እንጂ አይሽረውም፤ መጨረሻው እርግጠኛ ያልሆነን መንገድ በዕዳ የሚጀምር ሰው ኪሳራው እጥፍ ነው። ወጪው ደግሞ በዲፌንስ አያበቃም። በጀርመን ጥናቱ ሳይታተም የዶክተርነት ማዕረግን በሙሉ መብት መጠቀም አይቻልም፤ በመጽሐፍ ማሳተም የሚፈልግ ሰው አሳታሚው የኅትመት ድጎማ ሊጠይቀው ይችላል፤ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ማውጣት ርካሹ አማራጭ ነው። ስለዚህ ለአማካሪ የሚላከው የመጀመሪያ ደብዳቤ ከርዕሱ ቀጥሎ ሦስት ጥያቄዎች ቢይዝ ነውር የለበትም፦ የገንዘቡ ምንጭ ማን ነው፣ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ካለቀ በኋላስ ምን አለ? እነዚህን ጥያቄዎች በደስታ የሚመልስ አማካሪ ማግኘት ራሱ ግማሹ መልስ ነው።