ሃርድ ዲስክ ሲቀየር ፋይል እንዳይጠፋ

ሰባት ስምንት ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ መንቀራፈፍ ሲጀምር ለባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ አርጅቷል፣ ሌላ ይግዙ። ይህ ምክር አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ያባክናል። ደብዳቤ ለመጻፍ፣ የሒሳብ ሠንጠረዥ ለመሥራት፣ ኢንተርኔት ለመጠቀምና ቪዲዮ ለማየት የዚያ ዘመን ፕሮሰሰር ዛሬም ይበቃል፤ ማሽኑን ወደ ኋላ የሚጎትተው በውስጡ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። እሱን አውጥቶ በምትኩ ኤስኤስዲ ማስገባት አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት ጋር ሲተያይ በትንሽ ወጪ የሚያልቅ ሥራ ነው። ችግሩ ያለው ሥራው በሚሠራበት ቅደም ተከተል ላይ ነው። በተለመደው አካሄድ አዲሱ ዲስክ ይገባል፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ከአሮጌው ዲስክ የዶክመንት ፎልደር ይገለበጣል፣ ከዚያ አሮጌው ፎርማት ተደርጎ ለሌላ አገልግሎት ይውላል። ፍጥነቱ ወዲያው ይታያል፤ የጠፋው ነገር ግን የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ ሲፈለግ ነው። ስለዚህ ዲስክ መቀየር ከሁሉ በፊት ፋይል የማዛወር ሥራ ተደርጎ መታየት አለበት፤ የመጀመሪያውም እርምጃ አሮጌውን ዲስክ ምንም ሳይመርጡ፣ እንዳለ፣ ወደ አዲሱ መቅዳት ነው።

አሮጌው ዲስክ የሚዘገይበት ምክንያት ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ትላልቅ ሳህኖች ነበሩት፤ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር። ዛሬ በላፕቶፕ ውስጥ ያለው መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ቢሆንም መሠረታዊ አሠራሩ ያው ነው፦ ማግኔታዊ ሽፋን ያለው ሳህን ይሽከረከራል፣ ጫፉ ላይ ማንበቢያ ያለው ክንድ ደግሞ ከሳህኑ በላይ፣ ከፀጉር ውፍረት ከሺህ ጊዜ በላይ በሚያንስ ክፍተት እየተንሳፈፈ ይመላለሳል። የብዙ ላፕቶፖች ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል ማለት ነው። የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ አለ፤ ክንዱ ከቦታ ቦታ ሲሄድ ደግሞ ሌላ 12 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይጨመራል። በዚህ ሒሳብ ዲስኩ እዚህም እዚያም የተበተኑ ትንንሽ መረጃዎችን በሰከንድ መቶ ጊዜ እንኳ ማንበብ አይችልም። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚጠይቀው ግን በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ንባቦችን ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከርም የሚመላለስም አካል የለውም። መረጃውን የሚይዘው ናንድ ፍላሽ በሚባለው፣ የቶሺባው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባስተዋወቁት የማስታወሻ ዓይነት ሲሆን፣ አንዱን ንባብ በ0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይጨርሳል። ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ በላይ በመሆኑ፣ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው የሳታ መስመር የቆየና ዝግ ያለ ቢሆን እንኳ ለውጡ በግልጽ ይሰማል።

ፍጥነቱን በተመለከተ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ፋይሉ ላይ ነው፤ «አስፈላጊውን በፍላሽ ብገለብጥ አይበቃም?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። አይበቃም፤ ምክንያቱም ሰው ፋይሎቹ የት እንዳሉ በትክክል አያውቅም። ዶክመንት ፎልደር ውስጥ ያለው የተወሰነው ነው። ሌላው ዴስክቶፕ ላይ፣ ዳውንሎድ ውስጥ፣ ሲ ድራይቭ ላይ በአንድ ወቅት በተከፈተ ስም የለሽ ፎልደር ውስጥ ይገኛል። በብዙ የአገራችን መሥሪያ ቤቶች የሚሠራበት የፒችትሪ ሒሳብ መዝገቡን የሚያስቀምጠው በራሱ ፎልደር እንጂ በዶክመንት ውስጥ አይደለም። በብራውዘር ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች ደግሞ ተራ ተጠቃሚ በማያየው ድብቅ ፎልደር ውስጥ ናቸው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ከዚህም የከፋ አደጋ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮዎችም ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው እንደ ቪዡዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ካሉ ፕሮግራሞች ጋር በሚመጡ የቆዩ ፎንቶች ነው። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ውስጥ «ሀ» የሚባል ፊደል የለም፤ ያለው የላቲን ፊደል ወይም የምልክት ቁጥር ሲሆን፣ ያንን ቁጥር በስክሪኑ ላይ «ሀ» አድርጎ የሚስለው ፎንቱ ነው። ሰነዱን በፍላሽ ገልብጠው ፎንቱ በሌለበት አዲስ ዊንዶውስ ላይ ሲከፍቱት የሚያዩት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና የምልክት ድርድር ነው። ፋይሉ አልተበላሸም፣ አልጠፋምም፤ ሆኖም ፎንቱ ከአሮጌው ዲስክ ጋር ፎርማት ከተደረገና ሌላ ቅጂ ካልተገኘ የአሥራ አምስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ሊነበብ አይችልም። ፎንቱ የሚቀመጠው በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ እንጂ ከሰነዱ ጋር አይደለምና፣ ዶክመንት ብቻ የገለበጠ ሰው ይዞት አይመጣም። ሙሉ ቅጂ ግን ፎንቱንም፣ የመጻፊያ ፕሮግራሙንም፣ ሰነዱንም ሳይለያይ ያሻግራቸዋል።

በዚህ ላይ የሚቀርበው ከባድ ተቃውሞ የንጽሕና ነው። ሙሉ ቅጂ የዓመታት ቆሻሻን፣ የማይሠሩ ፕሮግራሞችንና ምናልባትም ቫይረስን ጭምር ወደ አዲሱ ዲስክ ያሻግራል፤ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ግን ሁሉን ያጸዳል ይባላል። እውነት ነው፣ በቫይረስ ክፉኛ የተጠቃ ማሽን በመጨረሻ እንደ አዲስ ሊጫንለት ይገባል። ነገር ግን ሁለቱ እርምጃዎች እኩል አይደሉም። ሙሉ ቅጂ ከወሰዱ በኋላ ማጽዳት፣ ቢያስፈልግም አሮጌውን ዲስክ እንዳለ አስቀምጦ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ይቻላል። መጀመሪያ ያጸዳ ሰው ግን የጣለውን መልሶ አያገኝም።

ከመቅዳት በፊት የአሮጌውን ዲስክ ጤንነት ማየት ግድ ነው። ዘመናዊ ዲስኮች ሁሉ ስማርት የሚባል ራስን የመከታተያ ሥርዓት አላቸው፤ እንደ ክሪስታልዲስክኢንፎ ያለ ነፃ ፕሮግራም ያሳየዋል። እዚያ ውስጥ መታየት ያለባቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ ተበላሽተው ዲስኩ በመጠባበቂያ የተካቸው ክፍሎች ብዛት፣ እና ማንበብ አቅቶት በጥርጣሬ የያዛቸው ክፍሎች ብዛት። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ መልካም ነው። ሁለተኛው ከዜሮ ከበለጠ፣ በተለይም ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ተራውን የመቅጃ ፕሮግራም መተው ይሻላል፤ ዊንዶውስ ዲስክን የሚያስተካክልበትን ቼክዲስክንም እንዲሁ፣ ምክንያቱም እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ ይጽፋል። ለእንዲህ ያለው ሁኔታ የተሠራው ዲዲረስኪዩ የሚባለው ፕሮግራም ነው። በመጀመሪያ ዙር በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ያወጣል፣ እንቢ ያለውን አልፎት ይሄዳል፣ ወደ ተበላሸው ክፍል የሚመለሰው ጤናማው ከተረፈ በኋላ ነው። የደረሰበትንም መዝግቦ ስለሚይዝ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ዲስኩ ጭራሽ የማይሽከረከር ወይም ኮምፒውተሩ የማያየው ከሆነ ደግሞ ደጋግሞ መሞከር ጉዳቱን ያባብሳልና፣ ማጥፋትና ለመረጃ ማዳን ባለሙያ መስጠት ነው።

ዲስኩ ጤናማ ከሆነ የሚያስፈልገው አዲሱ ዲስክ፣ ሳታን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል ወይም ኬዝ፣ እና የመቅጃ ፕሮግራም ነው። አንዳንድ የኤስኤስዲ አምራቾች የራሳቸውን ፕሮግራም ይሰጣሉ፤ ከፍላሽ ላይ የሚነሣው ክሎንዚላም በነፃ ይገኛል። ዲስክ ሲገዙ መጠኑን ልብ ይበሉ። ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች 500 ጊጋባይት ዲስክ አላቸው፣ ገበያ ላይ የሚገኘው ኤስኤስዲ ግን ብዙውን ጊዜ 480 ነው፤ ክሎንዚላ ደግሞ በተለመደው አሠራሩ ከምንጩ ወዳነሰ ዲስክ አይቀዳም። ወይ 512 መግዛት፣ ወይ አስቀድሞ ክፍልፋዩን ማሳነስ፣ ወይ መጠኑን ራሱ የሚያስተካክል ፕሮግራም መጠቀም ያስፈልጋል። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ሳይጽፉ ምንም አይጀምሩ።

መቅዳት በራሱ አሮጌውን ዲስክ አይነካም፤ ከእሱ ያነባል እንጂ በላዩ አይጽፍም። መሐል ላይ መብራት ቢሄድ የሚጠፋው ጊዜ ብቻ ነው፤ እንደገና ይጀመራል። 300 ጊጋባይት በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ ግን ባትሪው የሚይዝ ላፕቶፕ ቢሆንም ቻርጀሩ ላይ መሰካት አለበት። ፋይል የሚያጠፋው እውነተኛ ስሕተት ሌላ ነው፦ ምንጭና መድረሻን ማቀያየር። ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ከተቀዳ ሁሉም ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት የሁለቱን ዲስኮች ሞዴልና መጠን ወረቀት ላይ ጽፎ ከስክሪኑ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። በጣም ውድ የሆኑት ፋይሎች ደግሞ ከሁለቱም ዲስኮች ውጪ ሦስተኛ ቦታ ላይ አስቀድመው ይቀመጡ።

ቀሪው የካቻቪቴ ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ባትሪው ይወጣል፤ የሰውነት ኤሌክትሪክ እንዲወርድ ብረት ይነካል። ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ትንንሽ ብሎኖች በቀጭን የብረት ክፈፍ ውስጥ ታስሮ ይገኛል። ሶኬቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አጭሩ 7 መስመር ያለው የመረጃ፣ ረጅሙ 15 መስመር ያለው የኃይል ነው፣ ስለዚህ ወደ ላይ ሳይነሣ በቀጥታ ወደ ኋላ ይሳባል። የአንዳንድ አሮጌ ዲስኮች ውፍረት 9.5 ሚሊሜትር፣ የኤስኤስዲው 7 ስለሆነ ክፈፉ ውስጥ እንዳይላወስ ስስ ፕላስቲክ ይደረግበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ አዲሱ ዲስክ ብቻውን ይሁን፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት መለያ ስላላቸው አብረው ሲሰኩ ዊንዶውስ ይምታታል።

ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል የሚለው ስጋት ቁጥር ሲታይ ይቀላል። ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የኪንግስተን ኤ400 ባለ 240 ጊጋባይቱ እስከ 80 ቴራባይት ለመጻፍ የተመደበ ነው፤ በቀን 20 ጊጋባይት የሚጽፍ ሰው፣ ይህም ለቢሮ ሥራ ብዙ ነው፣ ወደ 11 ዓመት ይፈጅበታል። ሁለተኛው ስጋት ግን ትክክል ነው፦ ኤስኤስዲ ሲሞት ብዙ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሞታል፣ የተሰረዘንም ፋይል ከእሱ ማውጣት እጅግ ከባድ ነው። ከዚህ የሚከተለው አሮጌውን ዲስክ አለመጣል ነው። ቢያንስ ለጥቂት ወራት ሳይነካ ይቀመጥ፤ ጤናማ ከሆነ ከዚያ በኋላ በኬዝ ውስጥ ገብቶ መጠባበቂያ ይሆናል።

ሁሉም ኮምፒውተር በዚህ አይድንም። ራሙ 2 ጊጋባይት ብቻ የሆነን ማሽን ኤስኤስዲ ብቻውን አያነሣውም፤ ከሳታ በፊት የነበረው የአይዲኢ መስመር ያለው ደግሞ ዲስኩን ጭራሽ አይቀበልም። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በጥቅምት 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷልና፣ ወደ 11 መሸጋገር የማይችል ማሽን ከኢንተርኔት ጋር የሚሠራ ከሆነ ሊኑክስ ሊጫንለት ይገባል። ያም ሆኖ ለዲስኩ የወጣው ገንዘብ አይባክንም፤ ኮምፒውተሩ ቢሞት ኤስኤስዲው ከነፋይሉ ወጥቶ ሌላ ማሽን ላይ ይሰካል።

ሥራውን ራስዎ የማይሠሩት ከሆነ ለባለሙያው ሲሰጡ ሦስት ነገር አስቀድመው ይስማሙ፦ ዲስኩ በሙሉ እንዲቀዳ፣ በአሮጌው ላይ ምንም እንዳይጻፍበት፣ እና አሮጌው ዲስክ በእጅዎ ተመልሶ እንዲሰጥዎት። የቤተሰብዎ ፎቶ፣ የይለፍ ቃልዎና የሥራ ሰነድዎ ሁሉ አሁንም በእሱ ላይ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ትተውት አይሂዱ።