አስምዎ ከሥራ ቦታ የመጣ ይሆን? ሐኪምዎ ሊጠይቅዎት የሚገቡ ጥያቄዎች

ሐኪም በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ እሠራ ነበር። አንድ የ34 ዓመት ሰው በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሳል ይዞት መጣ። በመጀመሪያው ብሮንካይት ነው ብዬ አንቲባዮቲክ ሰጠሁት። በሁለተኛው የአክታ ምርመራ አዘዝኩለት፤ ቲቢ አልተገኘበትም። በሦስተኛው ደረቱ ሲያፏጭ ስለሰማሁ አስም ነው አልኩና ቬንቶሊን ጻፍኩለት። ካርዱ ላይ "ሥራ" ከሚለው አጠገብ "የግል" ተብሎ ተሞልቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ አይቼው አልፌያለሁ።

በአራተኛው ቀጠሮ ባለቤቱ አብራው መጣችና፣ "ዶክተር፣ ለፋሲካ ሀገር ቤት ሄደን ሁለት ሳምንት ስንቀመጥ አንድም ቀን አላሳለውም። ሥራ በገባ በሁለተኛው ቀን መልሶ ጀመረው" አለችኝ። ምን እንደሚሠራ የጠየቅኩት ያኔ ነው። ፒያሳ አካባቢ ዳቦ ቤት ውስጥ ሌሊት ሌሊት ዱቄት እየነፋ ሊጥ ያቦካል። በሽታውን የለየችው እሷ ናት ማለት ይቻላል።

ከሥራ ጋር የተያያዘ አስም ምንድን ነው?

አስም ማለት የአየር ቧንቧዎች በቀላሉ የሚቆጡበት፣ ሲቆጡም የሚያብጡበትና የሚጠቡበት ሕመም ነው። ትንፋሽ ያጥራል፣ ደረት ይጨመቃል፣ ያፏጫል፣ ሳል በተለይ ሌሊትና ንጋት ላይ ይበረታል። ሥራ ቦታ ከዚህ ጋር በሁለት መንገድ ይገናኛል። አንደኛው፣ ከዚህ በፊት አስም ያልነበረበት ሰው በሥራው በሚተነፍሰው ነገር ምክንያት አስም ሲይዘው ነው። ሁለተኛው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አስም ያለበት ሰው በሥራ ቦታው አቧራ፣ ጭስ ወይም ኬሚካል ሲባባስበት ነው። በተለያዩ ሀገሮች የተሠሩ ጥናቶች ሲደመሩ በአዋቂዎች ላይ ከሚታየው አስም በግምት 16 በመቶ ያህሉ ከሥራ ጋር ይያያዛል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ጊዜው ነው። ሰውየው ዱቄቱን ለአምስት ዓመት ሲያቦካ ኖሮ ምንም አይሆንም። ከዚያ ሰውነቱ ለዱቄቱ አለርጂ ያዳብራል። ስለዚህ "ይሄን ያህል ዓመት ስሠራ ምንም ሳይለኝ ዛሬ እንዴት?" የሚለው ጥያቄ በሽታውን አያስቀረውም። ብዙ ጊዜ አስሙ ከመታየቱ ከወራት በፊት ማስነጠስ፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የዓይን ማሳከክ ይጀምራል። እኛ ግን "ሳይነስ" ብለን እናልፈዋለን።

በፒያሳና በአካባቢው እነማን ይጋለጣሉ?

አራዳ ድሮም የባለሙያ ሰፈር ነው። ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያ ከሰፈሩ የእጅ ባለሙያዎች ነው። ዛሬም ብዙ ሕዝብ በእጁ ሥራ ይኖራል፤ ሥራውንም ይተነፍሰዋል። በዳቦና በኬክ ቤቶች የስንዴ ዱቄትና ሊጥ ለማሻሻል የሚጨመሩ ኢንዛይሞች በዓለም ላይ በጣም ከታወቁት የአስም መንስኤዎች መካከል ናቸው። በፀጉር ቤቶች ፀጉር የሚያነጣው ዱቄት ፐርሰልፌት የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ እሱም እንዲሁ ነው። በጋራዥ መኪና ቀለም የሚረጩ ሰዎች አይሶሳያኔት ለሚባሉ ኬሚካሎች ይጋለጣሉ። ለእነዚህ ኬሚካሎች ተራ የጨርቅ ወይም የሕክምና ማስክ አይበቃም። አናጺው የእንጨት ብናኝ አለው፤ ወርቅ ሠሪው ሲበይድና በአሲድ ሲያጸዳ ትነቱ ቧንቧውን ይቆጣዋል። ያልተቆላ ቡና አቧራም አለርጂ ይፈጥራል። የአዲስ አበባና የኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጥቂት ዓመታት በፊት በኢትዮጵያ የቡና ማዘጋጃ ፋብሪካ ሠራተኞችን መርምረው የሳንባ አቅማቸው መቀነሱን አሳይተዋል።

የጽዳት ሠራተኞችን ለብቻ ላንሳ፤ ምክንያቱም ማንም አያነሳቸውም። በረኪናን ከሌላ አሲድ ካለው ማጽጃ ጋር መቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ያስነሳል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ብዙ መተንፈስ በሰዓታት ውስጥ የሚጀምር አስም ሊያስከትል ይችላል። ይህኛው ዓመታት አይጠብቅም። ቤትዎም ውስጥ ቢሆን ሁለቱን አይቀላቅሉ።

እኛ ሐኪሞች ለምን እናልፈዋለን?

እ.ኤ.አ. በ1700 በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሐኪሞች ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር "ሥራህ ምንድን ነው?" የሚለውንም እንዲጠይቁ መክሯል። ስለ ዳቦ ጋጋሪዎችና ወፍጮ ቤት ሠራተኞች የትንፋሽ ችግርም ጽፏል። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኔ ስማር ሥራ የሚለው ጥያቄ ከዕድሜና ከአድራሻ ጋር አብሮ የሚሞላ አንድ መስመር ነበር። እንግሊዝና ካናዳን በመሰሉ ሀገሮችም ምልክቱ ከጀመረ በኋላ በሽታው እስኪታወቅ ዓመታት እንደሚያልፉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ እናም ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም።

በሀገራችን ግን የባለሙያ እጥረትም አለ። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወረድ ብሎ በሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ሕክምና ንዑስ ስፔሻሊቲ ሥልጠና በምሥራቅ አፍሪካ የሥልጠና ፕሮግራም አማካይነት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ያ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የሚያስለው ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ጤና መኮንን ወይም እንደ እኔ ያለ ጠቅላላ ሐኪም ነው። በእኔ እምነት ሥልጠናው በይበልጥ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። በአዋቂነቱ አስም የጀመረውን ወይም የባሰበትን ሰው ሁሉ "የሥራ ዕረፍት ሲሆኑ ይሻልዎታል? ረዘም ያለ ፈቃድ ሲወጡስ?" ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም "የግል" በሚለው ፈንታ "ዳቦ ጋጋሪ፣ ዱቄት ይነፋል" ብሎ መጻፍ።

ጥያቄው የራሱ ወጥመድ አለው። እሑድ አንድ ቀን ማረፍ ለአንዳንዱ አይበቃም፤ ቧንቧው ለመረጋጋት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። ደግሞ ሳሉ ከሥራ በኋላ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ቆይቶ ሊነሳ ስለሚችል፣ ቤት ገብተው ሲያስልዎት "ብርድ መታኝ" ይላሉ።

ምርመራው እንዴት ነው?

መልሱ ጥርጣሬ ካጫረ መጀመሪያ አስም መኖሩን ማረጋገጥ ነው፤ ለዚህም ስፓይሮሜትሪ የተባለው የትንፋሽ ምርመራ ይረዳል። ቀጥሎ ፒክ ፍሎው ሜትር የሚባል ትንሽ የፕላስቲክ መሣሪያ አለ። በቀን አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ሦስት ሦስት ጊዜ በኃይል ተንፍሰው ከፍተኛውን ቁጥር ይመዘግባሉ። ይህን ሁለት ሳምንት ሥራ ላይ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ከሥራ ውጪ ሆነው ቢሠሩት ቁጥሮቹ ብዙ ይናገራሉ። በሥራ ቀናት ወርዶ በዕረፍት ከፍ የሚል ከሆነ ሥራው መጠርጠር አለበት። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ የቲቢ ምርመራው አይቀርም፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

እባክዎ ምርመራው ሳያልቅ ሥራዎን አይልቀቁ፤ አተነፋፈስዎ በጣም ካልከፋ በስተቀር። አንዴ ከለቀቁ ማነጻጸሪያው ይጠፋል፤ ደመወዙም እንዲሁ። ከተረጋገጠ በኋላ ግን መዘግየት ጉዳት አለው። አለርጂው የታወቀ ሰው ከመንስኤው ቶሎ ሲርቅ የመዳን ዕድሉ ይጨምራል፤ ሲቆይ አስሙ ሥራውን ከተወም በኋላ ሊቀር ይችላል። ሕክምናው እንደ ሌላው አስም ነው፤ በየቀኑ የሚሳብ እንደ ቤክሎሜታሶን ያለ መድኃኒት መሠረቱ ነው። ቬንቶሊን ብቻ እየነፉ ሥራ መቀጠል ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ እብጠቱን አያክምም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ይቆጥረዋል፤ አሠሪውም የጥንቃቄ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ለዚህ መብት የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ካርድዎ ላይ የሚጻፈው ሥራ ዝርዝር እንዲሆን የምለውም ለዚህ ጭምር ነው። ሐኪሙ ካልጠየቀዎት እርስዎ ይንገሩት። ቤተሰብም መጥቶ ያየውን ይናገር።

ዓረፍተ ነገር መጨረስ የሚያቅት የትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር መጥቆር ወይም በቬንቶሊን የማይሻል ሕመም ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ዳቦ ጋጋሪው ባለቤቱን አነጋግሮ ከሊጥ ቤት ወጥቶ ለሱቆች ዳቦ ማከፋፈል ጀመረ። ደመወዙ ትንሽ ቀንሷል። ቤክሎሜታሶኑን አሁንም ይስባል፤ ሌሊት ግን ይተኛል።