ግመል ሲያስነጥስ

ጅግጅጋ ላይ ስለ አሳማ ኢንፍሉዌንዛ ማውራት መጀመሪያ ግር ይላል። ከቶጎ ውጫሌ እስከ ሽንሌ አሳማ የሚያረባ ቤተሰብ አታገኙም። በሰኔ 2001 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት «የአሳማ ጉንፋን» የተባለውን በሽታ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ሲያውጅ፣ በዚያው ወር አገራችን ውስጥ የተገኙት የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎችም ከአሜሪካ በአውሮፕላን የመጡ እንጂ ከአሳማ በረት የወጡ አልነበሩም።

አሳማው ግን የሚያስተምረን ነገር አለ። የመተንፈሻ አካሉ የወፍንም የሰውንም ኢንፍሉዌንዛ ያስተናግዳል፤ ሁለቱ ቫይረሶች አንድ ሴል ውስጥ ከተገናኙ የዘር ቅንጣታቸውን ተቀያይረው አዲስ ቫይረስ ሊወለድ ይችላል። በረት የሚጠርገውና መኖ የሚያቀርበው ሰው አሳማው ያስወጣውን አየር ይተነፍሳል። እሱም በተራው ጉንፋኑን ለአሳማው ይሰጣል፤ የ2001ዱ ቫይረስ ከሰው ወደ አሳማ ደጋግሞ ተመልሷል። አብሮ የሚኖር አብሮ ይተነፍሳል፣ ነገሩ ይኸው ነው።

በሶማሌ ክልል ከሰው ጋር አብሮ የሚተነፍሰው ግመል ነው።

በሽታ ከግመል ወደ ሰው እንዴት እንደሚተላለፍ ለመረዳት የማለዳውን አለባ ማየት ይበቃል። ግልገሏ ቀድማ ትለቀቅና እናቷን ትጠባለች፤ ወተቱ ሲወርድ ትገለላለች። አላቢው በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ሌላውን እግሩን አጥፎ ጉልበቱ ላይ የወተቱን ዕቃ ያስቀምጣል፤ ፊቱ ከግመሏ ጎን አይርቅም። የግልገሏ ምራቅና ንፍጥ ጡቱ ላይ ቀርቷል፣ ከጡቱ ወደ እጁ፣ ከእጁም ወደ ወተቱ። ቫይረስ አብዝተው የሚረጩት ደግሞ ግልገሎች ናቸው፤ ግልገል የሚጠብቁት ብዙውን ጊዜ ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ የሚያሳስበን ሜርስ የተባለው የኮሮና ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ጂዳ ሆስፒታል ከተኛ ታማሚ ተለየ፤ ከዚያ ወዲህ መያዛቸው ከተመዘገበው ሰዎች 35 በመቶ ያህሉ ሞተዋል። ግመሉን ግን እምብዛም አይጎዳውም፤ ንፍጥ ያዝረበርበው ይሆናል፣ ያልፍለታል። ቫይረሱ የሚጣበቅበት መያዣ ግመል ላይ ያለው አፍንጫው አካባቢ ነው፣ ሰው ላይ ግን ወደ ሳንባ ጠልቆ ይገኛል። ስለዚህ ሰው ሲያዝ ይጸናበታል፣ ከሰው ወደ ሰው ግን እንደ ጉንፋን በቀላሉ አይዛመትም። በሽታው ገና ስም ሳያገኝ ከኢትዮጵያ ግመሎች ተወስዶ የነበረ ደም ሲመረመር ከ10 ግመሎች ከ9 በላይ የሚሆኑት ቀድመው ተይዘው እንደነበር ታይቷል።

ታዲያ ለምን እንደ ሳዑዲ አላመመንም? የአፍሪካ ግመሎች የሚሸከሙት ዝርያ ለየት ያለ ነው፤ በቤተ ሙከራ በሰው ሳንባ ሴል ውስጥ ከዐረቡ ዝርያ ባነሰ መጠን ይራባል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው፣ እኔን ግን አያዘናጋኝም። ቫይረስ ይለወጣል፣ ንግዱም ግመሎቻችንን በበርበራ በኩል ባሕር አሻግሮ ሳዑዲ ያደርሳቸዋል።

ኢንፍሉዌንዛም ቢሆን ከግመል የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ ከታመመ አሳማ የተገኘው ኢንፍሉዌንዛ ዲ ዋና ማደሪያው ከብት መሆኑ ኋላ ታወቀ፤ በ2019 የታተመ ጥናት ደግሞ የኢትዮጵያ ግመሎች ደም ውስጥ አሻራውን አገኘ። ሰውን ማሳመሙ አልተረጋገጠም።

ይህን ሁሉ ስል ግመሉን እንድትሸሹት አይደለም። ድርቅ ላም ሲጨርስ ልጅ የሚያሳድገው የግመል ወተት ነው። ወተቱን ማፍላት የሜርስን ቫይረስ ይገድለዋል፤ በሻይ ውስጥ የሚፈላው ወተት ሳናስበው ሲጠብቀን ኖሯል። ጥሬውን መጠጣት ለለመደ ሰው ግን ቃሉ ከባድ ነው፣ ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት መንደር «ከአለባ በኋላ እጅህን በሳሙና ታጠብ» ማለትም እንዲሁ። ቢያንስ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን ንፍጥ ከያዘው ግመል ማራቅ ይቻላል፤ ሜርስ የሚበረታው በእነሱ ላይ ነው።

ከሐኪሞቻችን የምጠብቀው ደግሞ አንድ ጥያቄ ነው። ቀብሪበያህ ጤና ጣቢያ ትኩሳትና ሳል ይዞት የመጣ አርብቶ አደር ስንት ቀን እንደታመመ ይጠየቃል፤ «ግመሎችህስ እንዴት ናቸው? ያስነጠሰ፣ ንፍጥ የያዘው አለ?» ተብሎም ይጠየቅ።