ለአሮጊቷ ላንድክሩዘር ሰፊ ጫማ አትግዙላት!

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ ገጠር የተላከ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። ጸሐፊው ወጣት ነው። አባቱ ሲያርፉ ለቤተሰቡ የተውት ዋነኛ ንብረት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራች ባለ ባሌስትራ ቶዮታ ላንድክሩዘር ናት። እናትየው የሚተዳደሩት እሷን እያከራዩ ነው። በበጋ የገበያ ዕቃ ትጭናለች፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ መኪና አልገባም በሚልበት ጭቃ ውስጥ ምጥ የጠናባትን ወላድ፣ የታመመውን ሁሉ ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሮጠው እሷው ናት።

«ጎማዎቿ አልቀዋል» ይላል ልጁ። «እናቴ ከዕቁብ የወጣላትን ገንዘብ ለአራት ጎማ ብላ ሰጥታኛለች። እኔ አዲስ አበባ እንደማያቸው መኪኖች ሰፋፊ ጎማ ልግዛላት ብዬ ባማክራት፣ ‘አባትህ ያደርግላት የነበረውን ቀጭኑን ካልሆነ ገንዘቤን መልስ’ አለችኝ። ሰፊ ጎማ ጭቃ ላይ የተሻለ እንደሚይዝ ብነግራት ብሠራት አልሰማ አለች። ከተኳረፍን ሁለት ሳምንታችን ነው። እባክዎ እርስዎ ይፍረዱን።»

በእናትና በልጅ መካከል ገብቶ መፍረድ ከባድ ነው። በዚህኛው ጉዳይ ግን ሳላመነታ ለእናትየው ፈርጃለሁ። ለምን? ነገሩ ወዲህ ነው።

በቅድሚያ መኪናዋ ስትወለድ ምን ተጫምታ እንደነበር እንይ። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ ስትቀርብ ጎማዋ 6.00-16 የሚባለው ቀጭን ጎማ ነበር። ኋላ የመጣችው ረጅሟ ላንድሮቨር ደግሞ 7.50-16 አደረገች። እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የተሠሩት የቶዮታ 40 ላንድክሩዘሮችም እንደየአገሩ 7.00 ወይም 7.50 ነበር የሚያደርጉት። የ7.50 ትርጉሙ ቀላል ነው፤ የጎማው ስፋት በኢንች ማለት ነው። ወደ 19 ሴንቲ ሜትር ግድም መሆኑ ነው፤ ንፋስ ሲሞላ ትንሽ ጨመር ይላል። 16 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር ነው። ልጁ የተመኘው ዓይነት 33 በ12.5 የሚባለው ጎማ ግን ስፋቱ 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ማለት ነው!

መሐንዲሶቹ ጎማ አጥሯቸው እንዳይመስላችሁ። መሪው፣ ሴሚያሴው፣ ኩሽኔታው፣ ባሌስትራው ሁሉ የተሰላው በዚያ ቀጭን ጎማ ልክ ነው።

እንግዲህ ወደ ጭቃው እንግባ። በአገራችን ደጋ በብዙ ቦታ መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር አለ። በኢትዮጵያ ይህ አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል፤ የሰሜን ሸዋው የእነዋሪ አምባ ደግሞ በዚሁ አፈሩ የታወቀ ነው። መረሬ በበጋ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ዝናብ ሲጠጣ አብጦ ላዩ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ ጎማ ላይ ከተለጠፈ ደግሞ እንደ ሊጥ ነው፣ አልላቀቅም ይላል። ይሁንና ዝናቡ ገና ጠልቆ ካልገባ፣ ወይም መንገዱ ከሥር ጠጠር ካለው፣ ከላዩ ጭቃ በታች የረጋ መሬት አለ።

ቀጭን ጎማ እንደ ቢላ ነው። የላዩን ጭቃ ቆርጦ ይወርድና የረጋውን መሬት ይረግጣል። ሰፊው ግን እንደ አካፋ ነው፤ ፊት ለፊቱ ብዙ ጭቃ እየገፋና እየከመረ ይሄዳል። ሞተሩ ጉልበቱን የሚጨርሰው ያንን ክምር በመግፋት ነው። ከዚያ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ይንሸራተታል፣ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ወደ ቦዩ ይዞ ይወርዳል። የገጠር መንገድ ላይ የጭነት መኪና ጎማ የፈለፈለው ቦይም አለ። ቀጭኑ ጎማ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል፤ ሰፊው ግን ከንፈሩ ላይ ይቆምና አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ሲጥላችሁ ይውላል።

«ሰፊ ጎማ እኮ መሬቱን በብዛት ይረግጣል!» የሚል ይኖራል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ጎማ መሬት የሚነካበትን መጠን በዋናነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የተሸከመው ክብደትና ውስጡ ያለው ንፋስ። ክብደቱና ንፋሱ አንድ ከሆነ፣ ሰፊውም ቀጭኑም የሚረግጡት መሬት ብዙም አይለያይም። የሚለያየው ቅርጹ ነው። የሰፊው ርጋጭ ወደ ጎን ሰፍቶ ያጥራል፤ የቀጭኑ ጠቦ ይረዝማል። ንፋስ ሲቀነስለት ደግሞ የበለጠ እየረዘመ፣ ብዙ ጥርስ በተርታ መሬቱን ይነክሳል።

እውነቱን ለመናገር ቀጭን ጎማ የሚሸነፍበትም ቦታ አለ። አፋር በረሃ አሸዋ ውስጥ፣ ወይም ቢቆፈር ቢቆፈር ጠንካራ መሬት የሌለው ረግረግ ላይ፣ መቆረጥ ሳይሆን መንሳፈፍ ነው የሚፈለገው። እዚያ ሰፊው ይሻላል። የዓመት ሥራዋ አሸዋ ላይ የሆነ መኪና ያለው ሰው ይህ ምክሬ አይመለከተውም። ጭቃ፣ ድንጋይና ጠጠር ላይ ለምትውል ግን ቀጭኑን የሚያህል የለም።

ሰሞኑን ይህንኑ ይዤ ሶማሌ ተራ ወደሚሠራ አንድ ጎሚስታ ጎራ ብዬ ነበር። «ጋሼ፣ ሰፊ ጎማ የሚያስገጥሙ ልጆች እኮ መጀመሪያ ቸርኬ ይገዛሉ» አለኝ እየሳቀ። «የድሮው 5.5 ኢንች ስለሆነ አይዝላቸውማ! ከዚያ ጎማው ሲታጠፍ ባሌስትራውን ይፍቃል፣ ፓራፋንጎ ይቆረጣል። ወር ሳይሞላው ደግሞ መሪው ከበደኝ፣ ኩሽኔታው ጮኸብኝ ብለው ይመለሳሉ።»

እውነቱን ነው። የእነዚያ ዘመን መኪኖች አብዛኞቹ መሪያቸው በክንድ ጉልበት ብቻ የሚዞር ነው። ወደ ውጭ የወጣ ሰፊ ቸርኬ ሲገባ ጫናው በኩሽኔታው ላይ ይበረታል። ድንጋይ የመታው ጎማም መሪውን ከእጅ ያስለቅቃል። ከባድና ረጃጅም ጎማ የሚያዞረው ሴሚያሴ፣ በተለይ የአሮጌዋ ላንድሮቨር የኋላው፣ ቀጭ ይላል። ቤንዚኑም ይጨምራል። ለጎማ ተብሎ የወጣ የዕቁብ ገንዘብ በዚህ ዓይነት የጋራዥ ሲሳይ ሆኖ ይቀራል።

ሌላም ትልቅ ጥቅም አለ። 7.50-16 አይሱዙ የጭነት መኪኖችም የሚያደርጉት ቁጥር ነው። አይሱዙ የማይገባበት የወረዳ ከተማ ደግሞ የለም! ስለዚህ ጎማውም፣ ካላማዳሪውም፣ የሚጠግነው ሰውም በቀላሉ ይገኛል። ባለ 15 ቸርኬ ሰፊ ጎማ ገጠር ላይ ጎኑ ቢቀደድ ግን ወላዷን ይዛችሁ ከየት ልታመጡ ነው?

ሆኖም «የአይሱዙው ገባልኝ» ብሎ ዝም ብሎ መግዛትም አይገባም። ሲገዙ እነዚህን ማየት ነው።

አንደኛ፣ ጥርሱን። ለጭነት መኪና የፊት እግር የሚሠራው ዙሪያውን መስመር መስመር ብቻ ያለው ጎማ አስፋልት ላይ እንጂ ጭቃ ላይ አይሆንም። ክፍተቱ ሰፋ ያለ፣ ጠርዙ ላይም የወጣ ጥርስ ያለው ይምረጡ፤ ሲሽከረከር ጭቃውን ወርውሮ ራሱን ያጸዳል።

ሁለተኛ፣ ጥንካሬውን። ጎኑ ላይ 6 ፒአር፣ 8 ፒአር፣ 14 ፒአር ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ጎማው ይደርቃል። 14 የሆነው ሙሉ ጭነት ለሚሸከም መኪና ነው፤ ቀላሏ ላንድክሩዘር ላይ አይታጠፍም፣ እንደ ድንጋይ ያነጥራል። 6 ወይም 8 ይበቃታል።

ሦስተኛ፣ ፊደሉን። 7.50-16 በሰረዝ ከተጻፈ የድሮው ዓይነት አሠራር ነው። 7.50R16 ብሎ «R» ካስገባ ራዲያል ነው። ራዲያሉ አስፋልት ላይ የተሻለ ይይዛል፣ ንፋስ ሲቀነስም በደንብ ይተኛል። ሁለቱን መቀላቀል ግን ክልክል ነው! አራቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ ቁመት ይሁኑ። እነዚህ መኪኖች የፊትና የኋላውን እኩል የሚያዞሩ ስለሆኑ፣ የጎማው ቁመት ከተለያየ አራቱ ሲገባ ማርሹ ይጨነቃል፣ ይሰበራልም። እስኮርታዋም ብትሆን ከእነሱ ጋር እኩል ትሁን።

አራተኛ፣ ዕድሜውን። እዚህ ላይ ጠንቀቅ! ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 1214 ቢል፣ በ2014 ዓመት በ12ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በማን አቆጣጠር? በፈረንጅ! በእኛ መጋቢት 2006 ነው። አንዳንዱ ነጋዴ «2014 እኮ ነው፣ ትናንት የመጣ!» ሲል በኢትዮጵያ አስመስሎ ስምንት ዓመት ይሸውዳችኋል። ጥርሱ ያልተነካ ቢሆን እንኳ ዐሥር ዓመት የሞላውን ጎማ አትንኩት፤ ላስቲኩ ደርቋል። ጎኑ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካያችሁም ተዉት።

አምስተኛ፣ ካላማዳሪውን። ለራዲያል ጎማ የራዲያል ካላማዳሪ ይገባል። አሮጌውን ጠጋግኖ አዲስ ጎማ ውስጥ መክተት ለአዲስ ሙሽራ ያረጀ ቀሚስ እንደ መስጠት ነው።

ጎማው ከገባ በኋላ ዋናው ብልሃት ንፋስ ላይ ነው። በጠጠርና በአስፋልት እንደ ጭነቷ የፋብሪካው መመሪያ የሚለውን ይሙሉ። ጭቃ ሲብስ ወደ 20 ፒኤስአይ ግድም ዝቅ ማድረግ ጎማውን ያስረዝመዋል። ካላማዳሪ ላለው ጎማ ግን ከዚያ በታች መውረድ አልመክርም፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የንፋስ መሙያውን ቆርጦ ይጥለዋል። ንፋስ ቀንሳችሁ እያለ ዝግ ብላችሁ ንዱ፣ ከጭቃው እንደወጣችሁም መልሳችሁ ሙሉ። ስለዚህ መለኪያና የእጅ ወይም የባትሪ ፓምፕ ከክሪኩ ጋር ከመኪናው አይጥፋ።

አሁን ለልጁ ልመለስ። ወንድሜ፣ እናትህ ስለ ኢንችና ስለ ፒአር ላያውቁ ይችላሉ። ነገር ግን ያቺ መኪና ስንት ክረምት በቀጭን ጎማ ወጥታ እንደገባች ዐይናቸው አይቷል። የእሳቸው ዕውቀት ከዚያ የመጣ ነው። ሂድና «እማዬ፣ ልክ ነሽ» በላቸው። የሰፊ ቸርኬ ዋጋ ስለሚተርፍህ በእሱ አምስተኛ ጎማና አምስት አዳዲስ ካላማዳሪ ግዛ፤ አሁንም ከተረፈ የፊቱን ኩሽኔታ አስፈትሸው። መኪናዋን ማሳመር ካማረህ ቀለም አስቀባት፤ ቀለም ጭቃ ውስጥ አያቆምም።

በመጨረሻም ለሁላችሁም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንዶቹ የድሮ ቸርኬዎች ጎማውን የሚይዝ የብረት ቀለበት አላቸው። ቀለበቱ የዛገ፣ የተጣመመ ወይም በደንብ ያልገባ ከሆነ፣ ንፋስ ሲሞላ እንደ ጥይት ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ያለ ብረት አጥር ወይም ያለ ጠንካራ ሰንሰለት ማሰሪያ አታስሞሉ፣ ማንም ሰው በተለይም ረዳቱ ልጅ ቀለበቱ ላይ አጎንብሶ እንዲቆም አትፍቀዱ። ጎማው ውስጥ ንፋስ እያለ ቀለበቱን በመዶሻ እመታለሁ የሚል ጎሚስታ ካጋጠማችሁ ደግሞ ቸርኬያችሁን ይዛችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።

ክረምቱ ሳይገባ ጎማችሁን እዩ። መልካም መንገድ!