ትሪየስቴ፤ የማርትሬዛ ብርና የቡና ከተማ

በሰሜን ምሥራቅ ኢጣሊያ፣ በአድርያቲክ ባሕር ጫፍ ላይ ያለችው ትሪየስቴ ለሽርሽር የምትመች የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ለቡና ነጋዴ ግን ከሽርሽርም በላይ ቁም ነገር ይገኝባታል። ለጉዳዩ ወደ ኢጣሊያ የሚሄድ ነጋዴ አንድ ቀን ቢተርፈው በዚያ ቢያሳልፈው አይጸጸትም።

ጧት ፒያሳ ዩኒታ በሚባለው አደባባይ መቀመጥ ይበቃል። አደባባዩ በሦስት ወገን በታላላቅ ሕንጻዎች ተከቦ በአራተኛው ወገን ለባሕሩ ክፍት ነው። በዚያው በ1839 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተው ካፌ ዴሊ ስፔኪ ይገኛል። በከተማይቱ ቡና ማዘዝ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ማኪያቶ የሚለውን የትሪየስቴ ሰው «ካፖ» ይለዋል፤ ወተት የሌለበት «ኔሮ»፣ ይኸውም ጥቁር፣ ይባላል። ካፑቺኖ ብሎ ያዘዘ እንግዳ ትልቅ ሲኒ ሲጠብቅ ትንሿ ትመጣለታለች።

ከአደባባዩ ጥቂት እልፍ ሲሉ ቦርጎ ቴሬዚያኖ የሚባለው ሰፈር ይገኛል። ስሙ የተሰጠው መልኳ በብር ላይ ተቀርጾ በአገራችን ገበያ ለብዙ ዘመን በኖረችው በማርያ ቴሬዛ ነው። የሞተችበት 1780 ዓ.ም. የተጻፈበት ያ ብር ከዚሁ ወደብ እየተጫነ ወደ ምሥራቅ አገሮች ይላክ ነበር። ሰፈሩ የተሠራው ቀድሞ ጨው ይመረትበት በነበረ መሬት ላይ ነውና፣ አሞሌና ማርትሬዛ ጎን ለጎን የተገበያዩበት አገር ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። መርከቦች እስከ መጋዘኑ ደጃፍ እንዲደርሱም የባሕሩ ውኃ በቦይ ወደ ሰፈሩ ውስጥ ገብቷል።

የከተማይቱ ሀብት ምንጭ አባቷ ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ በ1719 ዓ.ም. ያወጁት ነጻ ወደብ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ በነጻው ወደብ መጋዘን ሲገባ ቀረጥ አይከፈልበትም። ባለቤቱ ገበያ እስኪያገኝለት ድረስ ያቆየዋል፤ ወደ ሌላ አገርም ሊያሳልፈው ይችላል። ቀረጡ የሚጠየቀው ዕቃው ወጥቶ ወደ አገር ውስጥ ገበያ ሲገባ ብቻ ነው። ቡናን የመሰለ ዋጋው ከፍና ዝቅ የሚል ዕቃ ለያዘ ሰው፣ ገንዘቡ አስቀድሞ በቀረጥ አለመያዙ ምን ያህል እንደሚያሳርፈው አስመጪዎች ያውቁታል። አንዲት የቡና ዛፍ የማይበቅልባት ከተማ የቡና መናኸሪያ የሆነችው በዚህ መንገድ ነው። በ1933 ዓ.ም. በዚያው የተቋቋመው የኢሊ ቡና ቆይ ኩባንያ ከሚገዛቸው ቡናዎች መካከልም የኢትዮጵያ ቡና አለበት።

ነገር ግን ወደብ የሚኖረው ከበስተኋላው ባለው አገር ነው። በ1918 ዓ.ም. የኦስትሪያ መንግሥት ሲፈርስ ትሪየስቴ የምታገለግለውን ሰፊ አገር አጣች። የነጻ ወደቡ መብት በ1947 ዓ.ም. የሰላም ውል ቢጠበቅም፣ በአሮጌው ወደብ ያሉት ግዙፍ መጋዘኖች አያሌዎቹ ለብዙ ዓመታት ያለ ሥራ ቆመዋል። ጎብኚ እነዚህንም ሳያይ ባይመለስ መልካም ነው።

ከቀትር በኋላ የአገሩ ሰው ባርኮላ በሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። ፔዶቺን በሚባለው መዋኛ ወንዶችና ሴቶች እስከ ዛሬ በግንብ ተለይተው ይታጠባሉ፤ ሴቶቹም ግንቡ እንዲፈርስ አይሹም ይባላል። በብርዱ ወራት የሚሄድ ግን ቦራ ከተባለው ነፋስ ይጠንቀቅ፤ ሲበረታ እግረኛን የሚጥል በመሆኑ ቀድሞ መንገደኛ የሚይዘው ገመድ በየጎዳናው ይዘረጋ ነበር።