በኮምፒውተር ታግዞ ዜማ መድረስ፦ የሙዚቃ ትምህርት ለሌላቸው ዜጎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ኖታ ማንበብ ወይም የሙዚቃ መሣሪያ መጫወት የማይችል ሰው በኮምፒውተር ወይም በስማርት ስልክ ታግዞ ዜማ መድረስ ይችላል። ሥራው ለሕዝብ ወይም ለገበያ ሲቀርብ ግን የባለቤትነት ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ይህ ማብራሪያ አሠራሩንና ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ይገልጻል።

አሠራሩ

በነፃ የሚገኘው ኤልኤምኤምኤስና በአፕል መሣሪያዎች የሚሠራው ጋራዥባንድ ድምፆችን በሠንጠረዥ ያሳያሉ። ከታች ወደ ላይ የድምፁ ቅጥነት፣ ከግራ ወደ ቀኝ ደግሞ ጊዜው ይነበባል። ተጠቃሚው በሠንጠረዡ ላይ ምልክት ሲያኖር ኮምፒውተሩ ድምፁን ያሰማል።

ሠንጠረዡ በአንድ ኦክታቭ 12 ድምፆች ሲኖሩት፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን እያንዳንዳቸው በ5 ድምፆች የተዋቀሩ ቅኝቶች ናቸው። ለምሳሌ ከዶ የሚነሣው ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ነው። ጀማሪ በእነዚህ ድምፆች ብቻ ቢወሰን ከቅኝቱ ሳይወጣ መሥራት ይችላል። ክራርና መሰንቆ በጆሮ የሚቃኙ በመሆናቸው ከኮምፒውተሩ ድምፅ ጋር ሁልጊዜ በትክክል ላይገጥሙ ይችላሉ።

የባለቤትነት መብት

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ወጥ የሆነና ግዙፍነት ያገኘ ሥራ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ ያገኛል። ሕጉ ከአመንጪው የሙዚቃ ዲፕሎማ አይጠይቅም። የኢኮኖሚ መብቱ አመንጪው በሕይወት ባለበት ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጸናል።

የሥራ አመንጪ የሚባለው ሥራውን በአእምሮው ያፈለቀ ሰው ነው። ስለዚህ ዜማውን ራሱ መርጦ የደረደረ ሰው ኮምፒውተር መጠቀሙ መብቱን አያሳጣውም። ሙሉ ዘፈን በአንድ ትእዛዝ ብቻ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀበለ ሰው ግን አመንጪነቱን ለማስረዳት ሊቸገር ይችላል።

ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

1. ዜማውን አስቀድሞ አንጎራጉሮ በስልክ መቅዳትና ቅጂውን ማስቀመጥ።
2. ከተጠናቀቀው ድምፅ በተጨማሪ የሶፍትዌሩን የሥራ ፋይል በየደረጃው መያዝ፤ ሥራው እንዴት እንደተፈጠረ የሚያሳየው ይኸው ፋይል ነው።
3. በሶፍትዌሩ ውስጥ በዝግጁነት የሚገኙ፣ በተለምዶ ሉፕ የሚባሉ ቅንጣቢ ድምፆችን ከመጠቀም በፊት የፈቃድ ውሉን ማንበብ። ቅንጣቢው ለሌሎች ተጠቃሚዎችም ስለሚገኝ የግል ንብረት አይሆንም።
4. ከሌላ ድምፃዊ ዘፈን ቆርጦ ከማስገባት በፊት የባለመብቱን ፈቃድ ማግኘት።
5. ግጥም ከጻፈ ወይም ካቀናበረ ሰው ጋር የእያንዳንዱን ድርሻ በጽሑፍ መስማማት።

ምዝገባ

መብቱ የሚገኘው በምዝገባ አይደለም። ሆኖም በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በፈቃደኝነት የሚደረግ ምዝገባ ክርክር ሲነሣ ለማስረጃነት ያገለግላል። በመሆኑም የዜማ ደራሲዎች ሥራቸውን ለአሳታሚ ወይም ለአቀናባሪ ከመስጠታቸው በፊት ማስመዝገባቸው ይመከራል።