ዓሣ ወደ ደጋ የሚወጣው በመጥበሻ ነው

በከምባታ ዞን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለችው ዶዮገና የምትታወቀው በበጎቿና በእንሰቷ ነው። ዓሣ የዚህ አካባቢ ገበታ ነባር ቤተኛ አይደለም። ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ ግን ውኃው ቅርብ ነው። በስተምዕራብ ኦሞ ወንዝ በጊቤ ሦስት ተገድቦ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሆኗል። በሀዲያ ሻሾጎ ወረዳ የቦዮ ሐይቅ አለ፤ የቢላቴ ወንዝ በእነዚህ አካባቢዎች አልፎ ወደ አባያ ይወርዳል፤ ከሀላባ ወዲያ ደግሞ የሐዋሳ ሐይቅ ይገኛል። ታዲያ ይህ ሁሉ ውኃ እያለ ደጋው ለምን ዓሣ አይበላም? የተለመደው መልስ የበረዶና የማቀዝቀዣ መኪና እጥረት ነው። እውነትነት አለው፤ ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይመስለኝም። ሰው የማያውቀውን ምግብ የሚለምደው ጥሬውን ገዝቶ ቤቱ በመሞከር አይደለም፤ የሚያውቅበት ሰው አብስሎ ትኩሱን ሲሰጠው ነው። በአገራችን ይህን የማስለመድ ሥራ ከማንም በላይ የሠራው የሐይቅ ዳር ዓሣ ጠባሽ ነው። ዶዮገናም ሆነች የሀዲያዋ ሆሳዕና ዓሣ እንዲበሉ የሚፈልግ ሁሉ ከመጥበሻው ቢጀምር ይሻለዋል።

የዚህ ሙያ ትልቁ መታያ ሐዋሳ ላይ አሞራ ገደል ነው። ጀልባዎች ሌሊት ያደረውን መረብ ይዘው በጠዋት ይመለሳሉ፤ ቆሮሶው፣ አምባዛውና ቢልጫው እዚያው ይለያል፤ ወጣቶች ቅርፊቱን ገፍፈው ሆድ ዕቃውን ያወጣሉ፤ አባ ኮዳዎች የሚጣለውን ለመልቀም በሰው መካከል ይንጎራደዳሉ። ገዢው ይህን ሁሉ ያያል። ዓሣው መቼ እንደወጣ፣ በማን እጅ እንደተበለተ፣ በምን ውኃ እንደታጠበ ማንም እንዲነግረው አያስፈልግም። ቀጥሎ ቆሮሶው ጎንና ጎኑ በቢላ ጠለቅ ተደርጎ ይተለተላል፤ ጨው ይነሰነስበትና የፈላ ዘይት ውስጥ ይገባል። መተልተሉ ለውበት ብቻ አይደለም። ሙቀቱ በፍጥነት ወደ አጥንቱ ይደርሳል፤ ቀጫጭኑ እሾህም ይደርቅና አይወጋም። ዘይቱ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በዓሣው ውስጥ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ውስጡ ግን እርጥብና ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ይህ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከዚያ በሎሚ፣ በአዋዜ ወይም በዳጣ፣ በዳቦ ወይም በእንጀራ ይቀርባል። አጥንት የሚፈራ ሰው ፊሌቶውን ተቆራርጦ ለብለብ እንዲደረግለት ያዛል። እንዲህ ያለ ምግብ አብሳዩን እንጂ በላተኛውን ባለሙያ ሁን አይለውም፤ ለጀማሪ ከዚህ የሚመች መንገድ አላውቅም።

የውኃ ቅርበት ብቻውን ዓሣ በላተኛ እንደማያደርግ ታሪካችን ራሱ ይመሰክራል። ምጽዋና አሰብ በኢትዮጵያ ሥር በነበሩባቸው ዓመታት የቀይ ባሕር ዓሣ የደጋው ሕዝብ የዘወትር ምግብ አልሆነም። ዛሬም ኢትዮጵያዊ በአማካይ በዓመት የሚበላው ዓሣ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ የዓለም አማካይ ግን 20 ኪሎ ገደማ ነው። በሌላ በኩል የእንግሊዝን ታሪክ እንመልከት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከግሪምዝቢና ከሌሎች ወደቦች ዓሣውን ወደ መሐል አገር ፋብሪካ ከተሞች ያደረሰው ባቡር ነው፤ ለሠራተኛው ሕዝብ ያስለመደው ግን በየመንገዱ ጥግ ዓሣና ድንች የሚጠብሰው ሱቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ የእነዚህ ሱቆች ቁጥር ወደ 25,000 ደርሶ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ሌላው ምግብ በራሽን ሲከፋፈል ጥብስ ዓሣና ድንች ራሽን አልገባበትም። ባሕር አይቶ የማያውቅ የማዕድን ሠራተኛ ዓሣ በላተኛ የሆነው በቤቱ ምድጃ አልነበረም።

ለከምባታና ለሀዲያ ጉዳዩ ከጣዕም ያለፈ ነው። እንሰት ድርቅ የሚችል፣ ዓመቱን ሙሉ የሚቆረጥ፣ ብዙ ሕዝብ በጠባብ መሬት ላይ ያኖረ ተክል ነው። ቆጮ ግን ጉልበት ሰጪ እንጂ ገንቢ አይደለም፤ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። የአካባቢው እናቶች ይህን ከማንም በፊት ስለሚያውቁት ከአይብ፣ ከወተት፣ ከጎመንና ከባቄላ ጋር ያቀርቡታል። ከሚበላ የዓሣ ሥጋ አምስት እጁ ተከፍሎ አንዱ እጅ ያህል ፕሮቲን ነው። በዳጣ የሚበላ ትኩስ ጥብስ ዓሣ ከቆጮ ጋር ሲቀርብ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል፤ ዳጣውን ደግሞ ደቡቡ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ሌላም ነገር አለ። በብዙ የአገራችን ከተሞች የዓሣ ገበያ በዐቢይ ጾም ይሞቃል፣ ፋሲካ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። በከምባታና በሀዲያ ግን የወንጌላውያን፣ የካቶሊክና የሙስሊም አማኞች ቁጥር ከፍተኛ በመሆኑ ዓሣ የጾም ምትክ ሆኖ ሊገባ አይችልም። የሚገባው ጣፍጦና ዋጋው ተስማምቶ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ገበያውን ወቅት እንዳይጠብቅ ያደርገዋል።

«በግ እያለን ዓሣ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። የዶዮገና በግ ስሙ የወጣ ነው፤ ለገበሬው ግን ከምግብነቱ ይልቅ ቁጠባው ነው። ለትምህርት ቤት ወጪ፣ ለማዳበሪያ፣ ለሕክምና ይሸጣል፤ የሚታረደውም በአብዛኛው ለመስቀልና ለሌላ በዓል ወይም ለትልቅ እንግዳ ነው። በዘወትር ቀን የሚበላ፣ አንድ ሰው ለብቻው ከፍሎ ሊገዛው የሚችል ሥጋ ያስፈልጋል፤ አንድ ቆሮሶ ለዚህ ልክ ነው። «ይሸታል» የሚለውም ወቀሳ መልስ ይሻል። ትኩስ ዓሣ አይከረፋም። ሽታው የሚመጣው ዓሣው ከሞተ በኋላ ባክቴሪያ ሥጋውን ሲያፈራርስ ከሚፈጠሩ አሚን ከሚባሉ ውህዶች ነው፤ ሎሚ የሚጨመረውም አሲዱ እነዚህን ውህዶች ስለሚያረግባቸው ነው። ዓሣን ከሽታው የተነሣ የጠላ ሰው ብዙውን ጊዜ የጠላው የቆየ ዓሣ ነው፤ የሐይቅ ዳር ጥብስ ቀምሶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ይል ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው የዘይቱ ጥያቄ ነው፤ ይህን ማቃለል አልፈልግም። ደጋግሞ የፈላ ዘይት ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ዝቅ ባለ ሙቀት መጨስ ይጀምራል፤ በውስጡም ለጤና የማይበጁ ውህዶች ይከማቻሉ። ዘይት በተወደደበት ጊዜ ጠባሿ የትናንቱን ዛሬም ብትጠቀምበት የሚያስገድዳት ሒሳቡ ነው። ስለዚህ ሥራው ቁጥጥር ይፈልጋል። የዓሣ ፍርፋሪ ከዘይቱ በየጊዜው እንዲጠለል፣ የጠቆረው እንዲደፋ፣ ዓሣው ዘይቱ በደንብ ሳይግል እንዳይገባ ማድረግ ይቻላል፤ ያልጋለ ዘይት ዓሣውን ሳያደርቀው ውስጡ ይሰርጋል። ይህ ጉድለት ግን መጥበሻውን የሚያስጥል አይደለም፤ በሐይቅ ዳር ካለው ሌላ ልማድ ጋር ሲነጻጸርም ጥብሱ የተሻለ ነው። ብዙ ሰው ጥሬ ዓሣ በዳጣ ይወዳል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሣ ውስጥ ግን ጥገኛ ትሎች መኖራቸው የታወቀ ሲሆን፣ በደንብ የጋለ ዘይት እነዚህን ይገድላል። ዘይት የማያጠፋው የከባድ ብረት ብክለትን ነው። በሐዋሳ ሐይቅ የተደረገ ጥናት ሜርኩሪ በቢልጫ ውስጥ ከቆሮሶ በልጦ አግኝቷል፤ ቆሮሶ በአመዛኙ በውኃ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ዕፅዋትን ስለሚመገብ ነው። ጠባሿ ቆሮሶን ብታስቀድም ለበላተኛውም ይበጃል።

«በላተኛ ከበዛ ሐይቁ ይራቆታል» የሚለው ስጋት ደግሞ እውነተኛ ነው። ጠባብ ቀዳዳ ያለው መረብ ያልደረሰውን ጫጩት ሁሉ ይጠርጋል። ይህን የሚመለከት ሕግ አለን፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። በአፈጻጸሙ ላይ ጠባሿ ከማንም የበለጠ አቅም አላት ብዬ አምናለሁ። ሳህን የማይሞላ ቆሮሶ አልጠብስም ካለች አስጋሪው ትንሹን የሚያጠምድበት ምክንያት ይቀንሳል። የጊቤ ሦስት ሐይቅ ገና አዲስ ስለሆነ ይህን ሥርዓት ከመነሻው መትከል ይቻላል፤ በሐዋሳ እንደሆነው ልማዱ ከጠነከረ በኋላ መታገል አያስፈልግም።

ዶዮገና ሐይቅ ዳር አይደለችም፤ መጥበሻው ግን ከዓሣው ጋር ሊጓዝ ይችላል። በኬንያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ሴት ነጋዴዎች ዓሣውን ጀልባው ከሚያርፍበት አቅራቢያ በዘይት አድርቀው ይጠብሱና ማቀዝቀዣ ሳይኖራቸው ወደ መሐል አገር ገበያዎች ይወስዱታል፤ ውኃው የተነነለት ጥብስ ከጥሬው ይልቅ ይቆያል። በእኛም ከተሞች መንገድ ዳር ቦምቦሊኖ፣ ፓስቲ፣ ሳምቡሳና የድንች ጥብስ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ምድጃው፣ ድስቱ፣ ዘይቱና ደንበኛው በእጃቸው ነው፤ ድንቹንም ደጋው ራሱ ያመርታል። በኦሞ ዳር ያሉ አስጋሪ ማኅበራትና እነዚህ ሴቶች በቀጥታ ቢገናኙ፣ ሌሊት የተያዘው ቆሮሶ ሆድ ዕቃው ወጥቶ በጠዋት ቢጫን፣ ወይም እዚያው አንድ ጊዜ ተጠብሶ ወጥቶ በገበያ ቀን ዳግመኛ ቢሞቅ፣ የከተማው የመጀመሪያ ዓሣ ጠባሾች ከማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት ከሚመጣ የማቀዝቀዣ መኪና በፊት ሥራ ሊጀምሩ ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳይሸጥ የሚያድር ዓሣ መኖሩ አይቀርም። የዞኑ የዓሣ ባለሙያዎች ለሥልጠና ከሚያወጡት ገንዘብ ጥቂቱን የዚህን ኪሳራ መሸፈኛ ቢያደርጉት፣ ጠባሿ ያደረውን በማግስቱ ለማቅረብ አትገደድም።